ዊንቹን ማን ያዞርልሃል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን
ከቤታችን፣ ከወደቡ ጀርባ

ይድረስ ለማትጠገቢዋ ልጄ፣ ለድንቢጤ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት። አጎትሽም ጉልበቴን እያለ እያማረረ ደህና ነው። ጀልባዋም ደህና ናት። የእኔን ደህንነት ግን ቀስ ብዬ ነው የምነግርሽ፤ ምክንያቱም እናትሽ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ደብዳቤውን ሳላነበው አይታሸግም ብላለች። ብዋሽ ትይዘኛለች ማለት ነው።

በስልክ ልነግርሽ ሦስቴ ሞክሬ ነበር። ገና «ሃሎ» ስል «አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» ትያለሽ። ሰው እንዴት በሃሎ ብቻ ይያዛል? ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ። ብረት የሚቀርጽበት ቶርኖ ቤት ያለው ጎረቤታችን እህት ሐሙስ ወደ እናንተ ትበራለች፤ እሷ በእጅሽ ትሰጥሻለች። ጽሑፌ ተንጋዶ ብታዪው አይግረምሽ፤ ምክንያቱ ከታች አለ።

መልእክትሽ ከደረሰን ሦስት ሳምንት ሆነው። መርከብ የምትጠግኑበት ድርጅት ዋና መካኒክ አድርጎ ለአምስት ዓመት ሊያስፈርምሽ እንደሆነ፣ መልሱንም እስከ የካቲት መጨረሻ እንደሚፈልግ ጽፈሻል። እናትሽ ጮክ ብላ አነበበችው። «ዋና መካኒክ» የሚለውን ሁለቴ ነው ያነበበችው። ከሥሩ ግን «የአባዬ ትከሻ ካልዳነ አልፈርምም፤ ጠቅልዬ እመጣለሁ። ዊንቹን ማን ያዞርለታል?» ይላል። እዚያ ስትደርስ ድምጿን ቀነሰች። እኔም ጀልባዋን ልይ ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። ጀልባዋ የት ትሄዳለች? እንደታሰረች ነው ያለችው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽና ሌላውን ተረጋግተሽ አንብቢ። ፈርሚ። ዊንቹን የሚያዞርልኝ አግኝቻለሁ። ድሪል ነው።

አትሳቂ። አዎ፣ አጎትሽ በር የሚበሳበት ያው ባለባትሪ ድሪል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላምጣው። ሐኪሟ ክንዴን ወደ ላይ አንስታ «እዚህ ጋ ያምሃል?» ስትለኝ «አያመኝም» አልኳት፤ እሷ ግን ፊቴን ነበር የምታየው። ጅማቱ ተጎድቷል፣ ከባድ ነገር ማዞር እስከ መጨረሻው ክልክል ነው አለች። እስከዚህ ታውቂያለሽ። ያልነገርንሽ፣ ከዚያ ወዲህ ጀልባዋ አራት ወር ሙሉ ከቦታዋ እንዳልተነቃነቀች ነው። በስልክ «ዛሬ ነፋሱ ጥሩ ነበር» ስልሽ ነፋሱስ እውነትም ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን በመስኮት ነበር የማየው። ሐይቁ ላይ ሊንሸራሸሩ የሚመጡትን ሰዎች ወደ ባለሞተሮቹ እየላክሁ «ነገ ኑ» እል ነበር። የሚያምነኝ ሲጠፋ እሱንም ተውኩት።

ለአንቺ ስለ ዊንች ማስረዳት ለመካኒክ ብሎን ማስተዋወቅ ነው፤ ግን እናትሽም ታነበዋለችና ልጻፈው። ያ ሁሉ ሸራ በእጅ ተጎትቶ አይወጣም። ገመዱ በምሰሶው አናት ዞሮ ይወርድና ዊንቹ ላይ ይጠመጠማል። ዊንቹ አናት ላይ ስምንት ማዕዘን ያላት ቀዳዳ አለች፤ እጀታውን እዚያ ሰክቶ ማዞር ነው። መጀመሪያ ላይ የሕፃን ጨዋታ ይመስላል፤ ሸራው ከግማሽ ካለፈ በኋላ ክንድ ያስለቅሳል። ከታች እስከ ላይ ስልሳ አምስት ዙር። ሠላሳው የእኔ፣ ሠላሳ አምስቱ የአንቺ። አምስቷን ትርፍ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላሽ ቀን «አንተ አርጅተሃል» ብለሽ ነው የወሰድሽብኝ። ያኔ አርባ አልሞላኝም ነበር። ከሄድሽ ወዲህ ስልሳ አምስቱም የእኔ ሆነ።

ተራ ስንቀያየር እናርፍ ነበር አይደል? ወሬያችን ሁሉ ያቺ እረፍት ውስጥ ናት። የወደቅሽበትን ፈተና የነገርሽኝ እዚያ ነው። ያ ፀጉረ ረጅም ጎረምሳ እንዳኮረፈሽ የነገርሽኝም እዚያው። ለመሄድ መወሰንሽንም የነገርሽኝ እጀታውን ጨብጠሽ፣ እኔን ሳታዪ ነው። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን አንዲት ቁም ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

አሁን ወደ ድሪሉ። መልእክትሽ በመጣ በሁለተኛው ቀን አጎትሽ የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን በር ሊያስተካክል መጣ። ወንበር ላይ ወጥቶ ያንን ረጅም ብሎን ምንም ሳይደክም እንጨቱ ውስጥ ሲያስገባው አየሁ። እጁ ዝም ብሎ ነው የቆመው፤ የሚዞረው ድሪሉ ነው። እኔም መብራት ያዝልኝ የተባልኩትን ረስቼ፣ «ይሄ ነገር ምን ያህል ጉልበት አለው?» አልኩት።

«ለምኑ?» አለ፤ ሰውዬው ገና ከአሁኑ ጠርጥሯል።

«ሸራ ለማውጣት።»

ከወንበሩ ወረደና ድሪሉን ደረቱ ላይ አቀፈው። «ጋሼ፣ የእኔ ድሪል ዋና አይችልም» አለኝ።

ሁለት ቀን ለመንኩት። በመጨረሻ እናትሽ ወንድሟ ስለሆነ አንድ ነገር በጆሮው ተናገረችው፤ ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ ሰጠኝ። ከዚያ እጀታውን ይዤ ወደ ቶርኖ ቤቱ ጎረቤታችን ሄድኩ፤ ጫፏ የዊንቹን ቀዳዳ ልክክ የምትሞላ፣ ኋላዋ ድሪሉ አፍ ውስጥ የምትገባ ብረት እንዲያወጣልኝ። «ጋሼ፣ ድሪል ይዘህ ጀልባ ላይ? ልትበሳት ነው?» ብሎ ሠራተኞቹን አሳቀብኝ። በማግስቱ ወደቡ ሁሉ ሰምቶ፣ «ጀልባውን ሊበሳ ነው» እየተባለ ሰላምታ የሚሰጠኝ በዛ። ብረቷን ግን አሳምሮ ነው የሠራት። አንዴ ወፈረች፣ በሞረድ አስተካከለ፤ ሁለተኛው ላይ ልክ ሆነች። አንቺ ብታያት ደስ ይልሽ ነበር።

የመጀመሪያውን ሙከራ ልዝለለው ብዬ ነበር። እናትሽ ግን አሁን ቢላዋዋን አስቀምጣ «እሱንም ጻፍ» አለችኝ። እሺ። ለድሪል ትከሻ ምን ያደርጋል ብዬ በቀኝ እጄ ብቻ ይዤ ጫንኩት። ገመዱ እስኪወጠር ድረስ እንደ ንጉሥ ቆሜ ነበር። ሸራው ሲከብድ ግን ድሪሉ ዊንቹን ማዞር አቃተውና እኔን አዞረኝ። አንጓዬን ጠምዝዞ፣ ክርኔን ከጀልባዋ ጠርዝ ብረት ጋር አጋጭቶ ለቀቀኝ። አልተሰበረም፤ ወለምታ ነው፤ ታሽቷል፤ እብጠቱም ጎድሏል። ይሄን ደብዳቤ በግራ እጄ የምጽፈው ለዚህ ነው። አንድ ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፤ ስለዚህ እያንዳንዷን ቃል አክብረሽ አንብቢ።

ለቶርኖው ስነግረው መሳቁን ትቶ አሰበበት። በድሪሉ አንገት ላይ የክንድ ያህል ብረት በብሎን አሰረልኝ። ብረቱ ከዊንቹ አጠገብ ያለውን ቋሚ ይደገፋል፤ ድሪሉ ሲፈራገጥ ብረቱ ይችለዋል፤ የእኔ ድርሻ ጣቴን መጫን ብቻ ሆነ። በግራ እጄም ይሠራል። መካኒክ አይደለሽ፣ በዚህ እንኳ ተረጋጊ።

በሁለተኛው ሙከራ አጎትሽ እኔም ካልመጣሁ ብሎ ተሳፈረ፤ ለእኔ ሳይሆን ለድሪሉ። የመንሳፈፊያ ሰደሪያ ለብሶ፣ ድሪሉን በገመድ ከጠርዙ ብረት ጋር አስሮ፣ የገመዱን ጫፍ ደግሞ በእጁ ይዞ ተቀመጠ። ጫንኩት። ልጄ፣ ሸራው እንዴት እንደወጣ! እኔና አንቺ የምናርፍባት ቦታ ላይ እንኳ ሳይቆም አለፋት። ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ወዲያው ግን ከላይ ጨርቅ ሲተረተር ተሰማኝ።

የሸራው ጠርዝ ምሰሶውን ግራና ቀኝ ወጥረው ከያዙት ሽቦዎች በአንዱ ተይዞ ነበር። እጀታ ቢሆን ክንድሽ ወዲያው ይነግርሻል፤ ገመዱ ይከብዳል፣ ታቆሚያለሽ፣ ትለቂለታለሽ። ድሪል ከበደኝ አይልም። ድምፁን ያወፍርና ይቀጥላል። እኔ ዓይኔ ድሪሉ ላይ ነው፤ የአጎትሽም ዓይን ድሪሉ ላይ ነው፤ ወደ ላይ የሚያይ ማንም አልነበረም። ቀና ስል ሸራው ከሁለት ክንድ በላይ ተቀዷል።

ከዘጠኝ ዓመትሽ ጀምሮ ቀና ብለሽ «አባዬ ቁም» የምትይኝ አንቺ ነበርሽ። እኔ ሳዞር አንቺ ታያለሽ፤ አንቺ ስታዞሪም ታያለሽ። አንገትሽን ወደ ላይ እንዳቀናሽ ነው ያደግሽው። እኔ ያንን እንደ ሥራ ቆጥሬው አላውቅም ነበር፤ የምቆጥረው ዙሩን ብቻ ነበር። ያን ቀን ጀልባዋ ላይ የተቀደደውን ሸራ ታቅፌ ስቀመጥ አጎትሽ እንኳ ድሪሉን አስቀምጦ ጫፉን ያዘልኝ።

ሸራውን ቤት አመጣነው። ሳሎኑን፣ ኮሪደሩንና የወጥ ቤቱን ግማሽ ሞላው፤ ፍሪጁ ለሁለት ቀን አልተከፈተም። እናትሽ የስፌት መኪናዋን መሬት አውርዳ፣ እሷም መሬት ተቀምጣ፣ በወፍራሙ ክር ሰፋችው። እኔ ጨርቁን እየገፋሁ አቀብላታለሁ። መኪናዋን ድንገት አቆመችና፣

«ይሄ ድሪል ዓይን የለውም» አለችኝ።

«ልጅቷ ብትኖር ታይልኝ ነበር» አልኳት።

«እሱን አይደለም የምልህ።» መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለችው። «አንተ ሰውዬ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ዊንች ታወራለህ። ልጅቷ ስትደውል ዊንች፤ ልጅቷ ስትጽፍ ዊንች። እኔ ስትናፍቀኝ ናፈቀችኝ ነው የምለው። ትከሻህ ቢታመም ምላስህንም አመመህ እንዴ?»

ጨርቁን መግፋቴን ቀጠልኩ፤ እሷም መስፋቷን።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ወጣሁ። ከሁለተኛው ሙከራ ወዲህ አጎትሽ ድሪሉን ያለ እሱ አሳልፎ የሰጠው ያን ቀን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ብልሃቱን አገኘሁት፤ ጫን አደርጋለሁ፣ እለቃለሁ፣ ቀና ብዬ አያለሁ፣ እንደገና ጫን። እንዳልረሳ ደግሞ በየመሃሉ ጮክ ብዬ ለራሴ «አባዬ ቁም» እላለሁ። አዎ፣ ለራሴ አባዬ እያልኩ። ዳር ላይ መረብ የሚያደርቁት ሰዎች ቆመው አዩኝ፤ አበደ ሳይሉ አይቀሩም። ሸራው ግን ምንም ሳይነካው ላይ ደረሰ። ሰዓቴን አይቻለሁ፤ ከነማቆሙ ከነማየቱ ሁለት ደቂቃ። እኔና አንቺ ሩብ ሰዓት ይፈጅብን ነበር።

ነፋሱ መጣ፣ ጀልባዋ ዘንበል አለች፣ ከአራት ወር በኋላ ወደ መሃል ወጣሁ። እናትሽ የሰፋችው ቦታ ላይ ክሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ጠንካራ ነው። ሁሉም ነገር እንደሚገባው ሆነ። ከዚያ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል? የቀረችኝን ሩብ ሰዓት ምን ላድርጋት? መሪውን ይዤ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ስቅስቅ ብዬ፣ እንደ ልጅ። ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ ማንም አላየኝም፤ አሁን አንቺ አወቅሽ፤ እናትሽም ታውቃለች።

የገባኝን ልጻፍልሽ። ከዚህ በፊት እጄ ባዶ ሲሆን «ዊንቹን የሚያዞርልኝ አጣሁ» እል ነበር፤ እውነትም ይመስለኝ ነበር። ቅዳሜ ግን ዊንቹ ዞረ፣ ሸራው ወጣ፣ ጀልባዋ ሄደች፤ ያጣሁት ነገር ግን እንደጠፋ ነው። ስለዚህ ዊንቹ አልነበረም ማለት ነው።

የዛሬ ሰባት ዓመት አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ፣ ሻንጣሽ ከተጫነ በኋላ አቀፍሽኝ። ሌላው አባት ልጁን ይመርቃል። እኔ ጀርባሽን መታ መታ አድርጌ «እንግዲህ ዊንቹን ማን ያዞርልኛል?» አልኩሽ። ቀልድ መስሎኝ። አንቺ አልሳቅሽም። መስኮቱ ጋ ተቀምጠሽ እስክትርቂ ድረስ ፊትሽ እንደዚያው ነበር። ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ሰባት ዓመት ተሸክመሻት ዞርሽ፤ ዛሬ ደግሞ በራስሽ እጅ ጽፈሽ መለስሽልኝ። ስትነበብ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። አፈርኩ። አንቺ ከመርከብ ሞተር ጋር ስትታገይ፣ ጓደኞችሽ አድገው አንቺ ውሉን ይዘሽ ስታመነቺ፣ የአባትሽ ዊንች አንገትሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ይቅር በይኝ።

ስለዚህ ፈርሚ። ትከሻዬ አልዳነም፤ ላይድንም ይችላል። ድሪሉ ግን ይሠራል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ እናትሽ ምስክር ናት። ከሰኞ ጀምሮ ሰው ማንሸራሸር እጀምራለሁ። ከተሳፋሪው አንዱን ወደ ላይ እንዲያይልኝ አደርጋለሁ፤ ሰው ሥራ ሲሰጡት ደስ ይለዋል። ለእኔ ብለሽ የተውሽው ነገር እንዲኖር አልፈልግም። ብትመጪ «ዋና መካኒኳን ያስቀረኋት እኔ ነኝ» እያልኩ በየቀኑ አይሽ ነበር፤ ያ ደግሞ ከትከሻ ይበልጥ ያማል።

እረፍት ሲሰጡሽ ነይ። ለሥራ አይደለም። አልጋሽን ሸራ ስናስተካክል ገፋ አድርገነው ነበር፤ አሁን ወደ ቦታው መልሰነዋል። የምትመጪ ቀን ድሪሉ ቤቱ ይዋል፤ አጎትሽም ይደሰታል። እጀታውን አንቺ ትይዢያለሽ፣ ወደ ላይ የማየው እኔ እሆናለሁ፤ አንገቴ ገና ደህና ነው። ቶሎ አውጪው የሚልሽ የለም።

በሄድሽበት ሁሉ መልካም ሰው ይግጠምሽ። እጅሽን ከማሽን፣ ልብሽን ከክፉ ወሬ ይጠብቅልሽ። የያዝሽው ሁሉ ይቅናልሽ። ሥራሽ ላይ የሚያከብሩሽ፣ ቤትሽ ስትገቢ የሚጠብቁሽ ይብዙልሽ። እኔና እናትሽንም እድሜ ሰጥቶን ለዓይንሽ ያብቃን።

እናትሽ እጇን ታጥባ መጥታ አሁን አነበበችው። ቆማ ነው ያነበበችው። ወለምታው ላይ ራሷን ነቀነቀች፣ የሐይቁ ላይ ለቅሶ ጋ ስትደርስ ትከሻዬን ያዘችኝ፤ ደህነኛውን። ጨርሳ መለሰችልኝና «ቆንጆ ነው። ግን ይሄን ሁሉ ገጽ ጽፈህ ቃሏን አልጻፍካትም» አለችኝ። አላመንኩም። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። እውነቷን ነው፤ የእሷ አፍ ላይ ናት እንጂ በእኔ ስም የትም የለችም።

ልጄ፣ ናፍቀሽኛል።

አባትሽ